ያልጎደለው የወተት ጣሳ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ደብረ ብርሃን።

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? አርባ ዓመት የድሬን ፀሐይ የለመደ ገላ ያንን ውርጭ እንዴት ቻለው? የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ ታደርጊዋለሽ ወይስ ለሰው ሰጠሽው? ሰጥተሽው እንደሆነ እንዳትዋሺኝ፤ ወንድሜን እጠይቀዋለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ክፍሉም፣ የልጅ ልጅሽ ኢዮስያስም በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ዘንድሮ ጣራውን ሊያቀልጠው ምንም አልቀረው።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽ እንደምታወሪ አውቃለሁ፤ እኔ እማዬ ስል ከኋላ የምራትሽ የሃኒ ሳል ይሰማኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። የክፍሉ አጎት ልጅ ፍቅረ ማርያም ነገ ወደዚያ ስለሚነሳ በእጁ እልከዋለሁ። ፖስታውን ሦስት ቦታ በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ተነካክቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢ።

እንደምታውቂው ከፋሲካ በኋላ የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ቢሮ ገብቻለሁ። ክፍሉ ከከባድ መኪናው ጋር የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ኑሮው። ሞግዚት ልቅጠር ብል የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም፤ ይህን ጠባይ ከማን እንደወረስኩት አንቺ ታውቂያለሽ። እናም ኢዮስያስን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ለሃዎ ሰጠኋት። የእማማ ናዲፋ ምራት፣ የባጃጅ ነጂው የዐብዲራዛቅ ሚስት ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቢላን የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሰባት ወሯ ነው። ልጅ የያዘች ሴት የልጅ ነገር አይጠፋትም ብዬ አመንኳት።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዘንኩት፣ ስድስት ኪሎ ሆነ። ነርሷ በወረቀት ጻፈችልኝ። በዚህ ዕድሜ ለያንዳንዱ ኪሎ በቀን መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልገዋል፣ በስድስት ሲባዛ ዘጠኝ መቶ ይሆናል፤ ጠዋት፣ ማታና ሌሊት ያንቺን ጡት ስለሚጠባ፣ በሌለሽበት ሰዓት ሦስት ጠርሙስ ይበቃዋል አለችኝ። ስድስት ወር ሳይሞላው ውኃም፣ የላምም የፍየልም ወተት እንዳይቀምስ አስጠነቀቀችኝ። ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ዋናው ክብደት መጨመሩ ነው ስትለኝ ግን ያንን በጆሮዬም አላስገባሁትም። የያዝኩት ሦስት ጠርሙስ የሚለውን ነበር። የዱቄት ወተቱን ጣሳ፣ ጠርሙሶቹንና የፈላ ውኃ በፔርሙዝ አድርጌ ለሃዎ አስረከብኳት።

ማታ ማታ ስገባ ስንት ጠጣ እላታለሁ። ሦስት ትለኛለች። በማግስቱም ሦስት። አንድም ቀን ሁለት ተኩል ብላ አታውቅም። ልጅ መቼም አንድ ቀን ያስመልሰዋል፣ አንድ ቀን አልፈልግም ይላል፤ እንደ ሰዓት የሚጠጣ ልጅ የት አለ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ እሑድ ጣሳውን ወደ ቤት አምጥቼ የማማሰያ እጀታ ከተትኩበት፤ ዱቄቱ የደረሰበትን ቦታ እጀታው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩና ጣሳውን መለስኩላት። በሳምንቱ ስለካው የሰራፕታዋ መበለት ዱቄት ይመስል ንቅንቅ አላለም።

ወተቱን ለቢላን ትሰጥብኛለች ብዬ ብጠረጥርስ ጣሳው ቶሎ ይጎድል ነበር። ይሄ ተቃራኒው ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቀትር ላይ ቢሮ ሲዘጋ በዚያ ሐሩር እየሮጥኩ እመጣና ጡቴን ስሰጠው ፊቱን ያዞርብኛል። ጠግቧል። ከምን? የሃዎ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢዮ አዋሌ የፍየል ወተት በጄሪካን ይልኩላታል። እሱን እየሰጠችብኝ ነው ብዬ አፉን አሸተትኩ፣ ዳይፐሩን ሳይቀር አሸተትኩ። ስኳር በውኃ ይሆናል ብዬ ምላሱን በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩ። እማዬ፣ አትሳቂ።

ለክፍሉ ብነግረው ልጁ ጉንጩ ሞልቷል፣ ክንዱ ተጣጥፏል፣ ምን ጎደለሽ አለኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ባስመዝነው በአራት ሳምንት ስድስት መቶ ግራም ጨምሯል። ነርሷ ጎበዝ እናት ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ግን ባሰብኝ። ያልጠጣ ልጅ እንዴት ይወፍራል?

በዚህ ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከቢሮ ወጣሁ። የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አስቁሜ ወረድኩ፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁና የሃዎን መጋረጃ ገለጥኩት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ቢላን አጠገቧ ተኝታለች። የኔ ልጅ የሃዎን ጡት ይዞ እየጠባ ነው። እኔን ሲጠባ እንደሚያደርገው በትንሽ እጁ ጡቷን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል።

እማዬ፣ የልቤን ልንገርሽ። ስትሰርቀኝ ባገኛት ይሻለኝ ነበር።

ልጁን ከእቅፏ መንጭቄ ወሰድኩት፣ እሱም እሪ አለ። ሃዎ አልተደናገጠችም፣ አላፈረችምም። አቦ ማርቲ፣ ቀስ፣ ልጁን አስደነገጥሽው አለችኝ። ጠርሙሱን ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ ብሎ አለቀሰ፣ የበጠበጥኩትን ሁሉ ደፋሁት፣ በአራተኛው ቀን ድምፁ ሲዘጋ አንጀቴ አልቻለም አለችኝ። ታዲያ በየማታው ሦስት ያልሽኝ ምንድን ነው ብላት፣ ገና ከበር ስትገቢ ፊትሽ ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ ወላሂ እውነቱን ብነግርሽ ትወስጂብኝ ነበር አለች። ባሏ ገና ድሮ ለልጁ እናት ንገሪያት ብሏት ነበር። በነሱ ሃይማኖት እንዲህ የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ስለሚሆን ኢዮስያስ አሁን ልጇ ነው፣ ለቢላን ወንድሟ ነው፣ ሲያድጉ መጋባት አይችሉም። ሳልጠየቅ ልጄን እንዳጋቡብኝ ያህል ደሜ ፈላ። ቢላን እስክትነቃ ጮህኩባት።

በጩኸቴ እማማ ናዲፋ ከጓሮ መጣች። እኔን ሳይሆን ልጁን ነው ያየችው። ከዚያ ምንድን ነው የምትጮሂው፣ አንቺንስ ማን አጥብቶ ያሳደገሽ ይመስልሻል አለችኝ።

እናትሽ የቀን ተረኛ ሆና ፋብሪካ ስትገባ የቆርቆሮ ወተት ትታልኝ ትሄድ ነበር፣ አንቺም እንደዚሁ ትተፊው ነበር፣ ከልጄ ከዛኪር ጋር አንድ አንድ ጡት ይዛችሁ ነው ያደጋችሁት አለችኝ። ልጁን እንዳቀፍኩ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንቺ ባለፈው ወር በስልክ ምን ነበር ያልሽኝ? እኔ ፋብሪካ እየሠራሁ እንኳ ከራሴ ጡት በቀር አላስቀመስኩሽም፣ የዛሬ ሴቶች ግን ለጠርሙስ ቸኮላችሁ አላልሽኝም? ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ፣ አሁን ልንገርሽ።

እናቴ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ እማማ ናዲፋን ጠየቅኳት። ሳቀችና ራሷን ጠይቂያት አለችኝ። ይኸው ጠየቅኩሽ።

ሳስበው ግን ስኳር በማንኪያ ቆጥረሽ የምታስቀምጪ ሴት፣ የወተቱ ጣሳ አለመጉደሉ እንዴት ያመልጥሻል? ደግሞ ሠርጌ ላይ ዛኪርን ከሰይፈ ሚካኤል ጎን ከወንድሞቼ ተርታ ያቆምሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለጉርብትና መስሎኝ ነበር። እሱ እህቴ ሲለኝም የሰፈር ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ታውቂ ነበር፣ እማዬ። ማታ ስትገቢ ጠጣች ወይ ትያለሽ፣ እማማ ናዲፋ ጠጥታለች ትልሻለች፣ ምን እንደጠጣሁ አትጠይቂም። ይሄ ጠባይሽ ግን ለኔ አልደረሰኝም።

ከሰኞ ጀምሮ ፈቃድ ወስጄ ልጁን ቤት ይዤዋለሁ። ጠርሙሱን ዛሬም እንቢ እንዳለ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ሃዎ በሯ ላይ ቆማ በመስኮት አያታለሁ፤ የቀሚሷ ደረት ረጥቧል። እማማ ናዲፋ ቤት ገብቼ መጮኼን ሳስብ ሳላውቀው ጡት ነካሽ ሆኜ ተገኘሁ። ፈቃዴ ነገ ያልቃል። ያንቺ መልስ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ሰኞ ጠዋት ኢዮስያስን ለሃዎ እሰጣታለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃታለሁ። ጣሳውን ቤቴ አስቀራለሁ። ማታ ስገባ ጠጣ ወይ ብቻ እላታለሁ። ቅናቱ አለቀቀኝም፣ እዋሽሻለሁ እንዴ? አንቺ ያንን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቻልሽው ብቻ ጻፊልኝ። በስልክ አይሁን።

ወንድሜን ሰይፈ ሚካኤልን አንገቱን አቅፌ ስሜዋለሁ በይልኝ። ሃኒንም ሰላም በያት፣ ሳሏ ተሽሏት እንደሆነ ጠይቂልኝ። አክስቴ እትዬ አስካለማርያም ጸሎቷ አይለየኝ። ክፍሉ ጉልበትሽን ስሞ ሰላም ይልሻል። ኢዮስያስም ጭኔ ላይ ሆኖ ወረቀቱን እየጎተተ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው እርጥበት የሱ ለሃጭ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

እማማ ናዲፋ ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ እንደሆነ ሰምታ መጣች። ምን ልበልልሽ አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና ልጃችን ደህና ናት በያት አለችኝ።

ልጅሽ ማርቲ
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.