አውቀህ የተሸነፍክበት ገበጣ

ይድረስ ለወልዴ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ አኩርፌሃለሁ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጅህ ማህሌት ናት፣ እኔማ ከስሜ በላይ መጻፍ መች አውቅና። «እማማ፣ ቀስ በይ፣ እጄን አመመኝ» ትላለች። ቻይው፣ ያንቺም ጉዳይ አለበት ብያታለሁ።

ካዛንቺስ ያው ናት፤ ማለቴ፣ ያው እንኳ አይደለችም። ከኋላችን ያለው ቤት ፈርሶ ሆቴል ይሠራበታል፣ አቧራው ፈጀን። ጎረቤታችን ብርቄ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገባች። አራተኛ ፎቅ፣ በዛ ጉልበቷ! ደጃፋችን ላይ ገበጣ ስንጫወት፣ «ወልዴ፣ ዛሬም በሚስትህ ተበላህ?» እያለች ትስቅብህ የነበረችው።

የተበላሁትስ እኔ ነኝ።

ማህሌት ሂሳብ አልሆንላት ብሎ፣ መምህሯ ክፍል ልትደግም ነው ብላ አስጠራችኝ። በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጅና ልጅ እየተጫወቱ ሂሳብ የሚማሩበት ቀን አዘጋጀ። አንዱ በቆርኪ ይደምራል፣ አንዱ ብርቱካን ከፍሎ ሲሶና ሩብ ያሳያል፣ ደስ ሲል! እኔ ገበጣችንን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። «እኔን የሚያሸንፍ አልተወለደም» አልኩ፤ አፌ አያርፍ። ከማህሌት ጋር ተቀመጥን፣ አሸነፍኳት። ደገምኳት። ሰው አጨበጨበልኝ።

መምህሯ ለካ የልጅቷን ዓይን ነበር የምታየው። «እማማ፣ ይቺ ልጅ እኮ አውቃ ነው የምትሸነፍልዎት። ገና ጠጠሩን ሳታነሳ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደምትወድቅ በዓይኗ ትቆጥርና የሚያዋጣውን ትታ ሌላውን ታነሳለች» አለችኝ።

ማህሌት ማልቀስ ጀመረች። «አባባ ነው ያስተማረኝ። እማማን ካሸነፍሻት ይከፋታል፣ ቁጠሪና ተያት ብሎኛል።»

በሰው ፊት፣ ወልዴ! ራስህን እየነቀነቅክ «ወይ ጉድ፣ ዛሬም?» ስትል ዕድሜ ልኬን አምኜህ። ፊደል ባልቆጥርም በአንድ ነገር እንኳ እበልጠዋለሁ ብዬ ስኮራ ኖሬ። እንደ ሰው ብታሸንፈኝ ምን ነበረበት? አኮርፌ እራት ልከለክልህ? ልጅቷም ካንተ ተምራ፣ ጎበዝ መሆን ሰው ያስከፋል ብላ ክፍል ውስጥ የምታውቀውን ስትደብቅ ኖራለች። ያዘንክልን መስሎህ እንዲህ ታደርገናለህ?

አሁን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ያለ ይሉኝታ ትበላኛለች። «እማማ፣ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ቁጠሪ» ትለኛለች። ይኸው በስተርጅና መቁጠር ጀመርኩ፣ እሷም ክፍሏን አለፈች። ይሄን ስትጽፍ እየሳቀች ነው፣ ባለጌ።

አንዲት ቀን ግን አለች። በዛ ዝናብ ስንጫወት ውለን፣ ስበላህ ጠጠሩን በትነህ፣ ጋቢህን ደርበህ ዝናቡ ውስጥ ሳታናግረኝ ወጣህ። «ምን ዓይነት ኩርፊያም ሽማግሌ ነው የሰጠኝ» ብዬ ለብርቄ አማሁህ። ዛሬ ያቺን ቀን ነው የሙጥኝ ያልኩት። ያቺ እንኳ የእውነት ሽንፈት ነበረች፣ አይደል?

በወዲያኛው ዓለም ስንገናኝ ትነግረኛለህ። እስከዛ ብቀየምህም አልረሳህም። ያኔ የበተንካቸውን ጠጠሮች ከጭቃው ለቅሜ አጥቤያቸው ነበር፤ ዛሬም በነሱ ነው የምንጫወተው።

ያንተው አስካለ