ካሴቶቹን አልሰጥም

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሥራ ቦታሽ ብርድ ዛሬም እጅሽን ይሰነጥቀዋል ወይ? አባዬን እዚያ ብቻሽን እንዳለቀስሽው ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን ጠብ ላይ ነኝ። የአባዬን ልብስ ስፌት ቤት የተረከቡት አጎታችን ቴፑንና ካሴቶቹን ሊጥሉ ተነሡ። "ሐዘን ሳይወጣ ምን ሙዚቃ አለ? ደግሞ ይሄ የሰማንያዎቹ የፈረንሳይ ጩኸት ስልክህ ላይ ጥርት ብሎ ይገኝልህ የለም እንዴ!" አሉኝ።

እስቲ ልስማው ብዬ ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ትልቁን ማዳመጫውን አጥልቆልኝ፣ አባዬ ሱሪ ሲተኩስ የማይለየውን ያንን ዘፈን ከፈተልኝ። እታለም፣ ምን ልበልሽ! ለካ እስከ ዛሬ የሰማነው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነው። ኪቦርዱ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ዘፋኟ አፏን ከመክፈቷ በፊት ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ይሰማል። ቋንቋውን ባላውቀውም ጠጉሬ ቆመ።

ከዚያ እኔና አንቺ ከሱቁ ጓሮ ሳህን እያጠብን የምንጠብቃት ቦታ ደረሰች፤ ያቺ ፉጨት። አልመጣችም። "ዘለልከው፣ መልሰው" አልኩት። መለሰው፤ የለችም። "አንተ ልጅ፣ ዋናው ቅጂ እኮ ነው፤ ምን ይጎድለዋል?" ብሎ ሳቀብኝ። እየሮጥኩ የአባዬ ሱቅ ገብቼ ካሴቱን ከፈትኩ። አለች! ከኋላዋ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ቀጭ ሲል ይሰማል። አባዬ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደቅኖ ሲቀዳ የሚያፏጨው ራሱ ነበር፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን የፈረንሳዮቹ መስሎናል።

እማዬን ጠርቼ አሰማኋት። "አፉ መቼ ያርፍና!" ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው።

አጎታችንን "ጋሼ፣ ሱቁን ይያዙ፤ ቴፑን ግን አይነኩም" አልኳቸው። "በኔ ላይ ምላስ አወጣህ?" አሉኝ። አዎ፣ አወጣሁ። ከነካሴቶቹ ታቅፌው ወጣሁ፤ አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ታላቅህን አክብር ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ አባዬም ታላቄ ነው።

እማዬ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስ። ትንሿን ልጅሽን ሳሚልኝና ያቺን ፉጨት አስተምሪያት። ሴት ልጅ አታፏጭም የሚል ከመጣ፣ ወደ እኔ ላኪው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ግንቦት 12 ቀን