ለሁለት የተከፈለው ኪኒን

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሻል? ያ በሰው አገር የምታስታምሚያትን ሴትዮ ከአልጋ ስታነሺ የተቀጨው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? ብርዱስ አላስቸገረሽም? እኛ በሕይወት አለን። መጀመሪያ «ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ከላይ ያለው ስርዝ እሱ ነው፣ ሌላ ነገር የደበቅሁሽ እንዳይመስልሽ።

ይህን በሰው እጅ የላክሁልሽ በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሳው ባለቤትሽ ነው፤ ለእኔ ሲያቀብለኝም አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ባለፈው ወር «ዕረፍት ወጥቻለሁ፣ እግሬን ዘርግቼ እየተኛሁ ነው» ያለሽ ውሸት ነው። ከአውቶቡስ ሾፌርነቱ አውርደውታል። የወረደውም በእኔ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትደውዪ።

አምና አንድ ሾፌራችን መሪ ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ አውቶቡሱ ከግንብ መጋጨቱን ሰምተሻል። ተሳፋሪ አልሞተም። እሱ ግን ግንቡ ጋ ሳይደርስ ሞቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ድርጅቱ ከውጭ አጥኚ ቀጠረ። አጥኚው ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ለዘበኛው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። ቢሮ ዘግቶ ሲደምርና ሲቀንስ ከረመና አንድ ገጽ ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ ሾፌሮች የልብ ሕመም መከላከያ ኪኒን በየቀኑ መስጠት አዋጭ ነው ይላል። እንደ እኔ ላሉ የጋራዥ ሠራተኞች ግን አዋጭ ሆኖ አልተገኘም።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድብ የለበትም። ለአንድ ሾፌር የዓመቱ ኪኒን ከአንድ የአውቶቡስ የፊት መስታወት ያንሳል። ሾፌር ሲሞት አውቶቡስ ይዞ ይሞታል። መካኒክ ሲሞት መፍቻ ከእጁ ይወድቃል፤ መፍቻ ደግሞ አይሰበርም። እስካሁን ስሕተት ፈልጌ አላገኘሁበትም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጋራዡ ቀለደበት። «አንተ አዋጭ ያልሆንክ፣ ያቺን አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» መባባል ጀመርን። ባትሪ ክፍል ያለው ሽማግሌ «እኔማ ድሮም ለሚስቴ አዋጭ ሆኜ አላውቅም» አለ። ሳቅን።

የደም ግፊት ግን ሁላችንንም ለክተውን ነበር። የድርጅቱ ክሊኒክ ሲስተር የእኔን ግፊት ሦስት ጊዜ ለክታ «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ ውስጥ ቢሆን ታስተነፍሰው ነበር» አለችኝ። ከአብዛኞቹ ሾፌሮች ይበልጥ ነበር። መድኃኒቱን ስጠይቃት ዝርዝሩን አውጥታ አሳየችኝና «የምሰጠው ስሙ ላለ ሰው ነው» አለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ውጭ ፋርማሲ ጠየቅሁ። የወሩ ብቻ የደመወዜን ሲሶ ይወስዳል። ተውኩት።

ባለቤትሽ ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ነው። እዚህ «ፍሬን» እንደምንለው ታውቂያለሽ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ሰው አልነካም፣ ድመት እንኳ ስታቋርጥ ቆሞ ያሳልፋል። እኔ መከልከሌን በሰማ ማግስት ጋራዥ መጣና ኪኒኗን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። «ቁረጣት» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «በአንድ ባትሪ ስንት መኪና አስነስተሃል?» አለኝ። በምላጭ ቆረጥኳት፤ ግማሿን እሱ ዋጠ፣ ግማሿን እኔ። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ቆረጥኳት። አንዷ ግማሽ ከሌላዋ በልጣ አታውቅም፣ በሙያዬ አልታማም። ሚስቴ ስትሰማ «ሁለት ሽማግሌ አንድ ኪኒን ትካፈላላችሁ፣ ነገ ደግሞ ጥርስ ትዋዋሳላችሁ» ብላ ሳቀችብን። እኔ ግን ቀልድ አልመሰለኝም። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ የዳንን መስሎኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ሾፌሮቹ እንደገና ተለኩ። የሌሎቹ ግፊት ወርዷል፤ የእሱ ብሷል። የስምሪት ኃላፊው «መድኃኒት ያልሠራለትን ሰው መሪ ላይ አላስቀምጥም» ብሎ ቁልፉን ተቀበለው። ባለቤትሽ ግማሿን ለሚስቴ ወንድም ስሰጥ ነበር ቢል ነገሩ ይፈታ ነበር፤ አላለም። አሁን የድርጅቱ በር ላይ ተቀምጦ በር ይከፍታል፣ የሚወጣና የሚገባ አውቶቡስ ቁጥር ይጽፋል። ጓደኞቹ ሲያልፉ ጥሩንባ ይነፉለታል። መጀመሪያ ሰላምታ ነበር፣ እያደር ሹፈት ሆነ። እሱ ለሁሉም እጁን ያነሳል።

እኔም ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ይህን ዘልዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ማታ ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን እየበላሁ ነው ዝም ያልኩት። ትልቋ ልጅሽ «አባዬ ዩኒፎርሙን ለምን አይለብስም?» ብላ ስትጠይቀኝ «ታጥቦ ነው» አልኳት። ሁለት ሳምንት የሚታጠብ ዩኒፎርም የት አለ? እሷም አየት አድርጋኝ ተወችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገብቼ አወጣሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። «አየህ፣» አለኝ፣ «መድኃኒቱን የገዛነው ለሾፌሩ አይደለም፣ ለአውቶቡሱ ነው። ለአውቶቡሱ የተገዛውን ቆርሶ ለሌላ መስጠት ከታንከሩ ነዳጅ ከመቅዳት በምን ይለያል?» የምመልሰው ብዙ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እሺ ጌታዬ» ነው። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ ምን ላድርገው?

ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልን። ከዚያ ሲስተሯን አስጠርቶ ጠየቃት። ግማሿ ለማናችንም እንዳልበቃች፣ ባለቤትሽ ሙሉዋን ቢወስድ ግን ሊወርድለት እንደሚችል ነገረችው። ኃላፊውም ለባለቤትሽ ሦስት ወር ሰጠው። በሦስት ወር ውስጥ ግፊቱ ከወረደ መሪውን ይመልሱለታል። ካልወረደ በሩ ላይ ይቀራል፤ ጡረታውም በበረኛ ደመወዝ ይታሰባል።

ቀላል ይመስልሻል፤ ግን ያገባሽው እሱን ነው። በማግስቱ በር ላይ ጠብቆ ግማሿን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ራሱ በቢላ ቆርጧት ጠርዟ ተፈርፍሯል። አልወስድም አልኩት። «በር ለመክፈት ልብ አያስፈልግም» አለኝ። «አንተ ገና ሞተር ታወርዳለህ።» ያን ጊዜ ተሳደብኩ። አንተ ድንጋይ ራስ፣ ሦስት ወር ብቻ ነው፣ አልኩት። «በሦስቱ ወር ውስጥ ብትወድቅ ለእህትህ ምን ብዬ ልንገራት?» ብሎ ግማሿን ኪሴ ከተተና አውቶቡስ መጥቶበት በሩን ሊከፍት ሄደ። ግማሿን መለስኩለት። በነጋታው ይዟት መጣ። ይኸው አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ስንገፋፋ ነው። እኔ አልውጣትም፣ እሱም አይውጣትም፤ ጥሎልኝ የሚሄደው ግማሽ ግማሽ መሳቢያዬ ውስጥ ተጠራቅሟል።

ስለዚህ እትዬ፣ አንድ ነገር ዋሺልኝ። ከዚያ ሆነሽ መድኃኒቱን እንደገዛሽልኝና በሰው እጅ እንደላክሽልኝ ንገሪው። የእውነት ልላክ እንዳትይ፤ የምትልኪው የልጅሽ የመጨረሻ ዓመት የትምህርት ክፍያ ነው፣ እሱን ከነካሽ እንጣላለን። እኔ ባዶ ብልቃጥ ከክሊኒኩ ቆሻሻ መጣያ አግኝቼ ለጨጓራዬ የምወስደውን ኪኒን ሞልቼበታለሁ። እሱም ነጭና ክብ ነው፤ መነጽሩን ካላደረገ አይለየውም። አንቺ በነገርሽው ማግስት ጀምሬ በየጠዋቱ ፊቱ ቆሜ አንድ እውጣለሁ። እኔ ብነግረው አያምነኝም። አንቺን ያምናል፤ ዋሽተሽው አታውቂም።

ስለ እኔ አታስቢ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ጨው ትቻለሁ፤ ክሪክ ማንሳቱንም ለሌላ ሰጥቻለሁ። ያ አጥኚ ከእኔና ከባለቤትሽ አንዱን ምረጥ ቢሉት ሾፌሩን ይመርጥ ነበር። እኔም አሥራ አንድ ቀን አስቤ እዚያው ነው የደረስኩት፤ ደመወዙ ቤቱን ይዟል፣ ልጆቹ ገና ናቸው፣ የእኔ ደግሞ ሥራ ይዘዋል። ከዚያ ሰውዬ ጋር መስማማቴ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ይመራል።

እናታችን ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት፣ ስለዚህ ነገር አልሰማችም፤ ሰላም ብላሻለች። ትልቋ ልጅሽ ለፈተና እያጠናች ነው፣ እጅሽን ትስማለች። ትንሹ የላክሽለት ጫማ ጠቦት ጣቱን እያጠፈ ይለብሰዋል፤ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ሚስቴ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ በስልክ እንጂ በጽሑፍ አልችልበትም ትላለች። ሴትዮዋንም ሰላም በይልኝ። ባለቤትሽ ሰላም ብሎሻል ብዬ አልጽፍም፣ መጻፌን አያውቅም።

ስትደውዪለት የመድኃኒቱን ነገር ወዲያው አታንሺው። አስቀድመሽ ስለ ልጆቹ ጠይቂው፣ ቀጥሎ ስለ ዕረፍቱ፤ ይዋሽሽ፣ እመኚው። ሊዘጋ ሲል እንደዋዛ «ለወንድሜ የላክሁት መድኃኒት ደረሰው ወይ?» በይው። ከዚያ በላይ ቃል አትጨምሪ።

ታናሽ ወንድምሽ

በጋራዡ ውስጥ ተጻፈ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 19 ቀን