ለጌታሁን የመረጥኩለት ሩር

ታኅሣሥ 28 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ነገ ገና ነው። ጌታሁንን አሳየዋለሁ! አምና ገና ስንጫወት በሩር ቅልጥሜን መትቶኝ ሳነክስ፣ «ሙሽሪትን ደግፏት!» ብሎ የሱን የላይ ሰፈር ሁሉ አሳቀብኝ። በኛ ደንብ ሩር የሚያመጣው አምና የተሸነፈው ሰፈር ነው፣ ማለት የኛ፤ መራጩ ደግሞ እኔ ነኝ። ከኔ ሌላ ማን ያውቅበታል?

ሜዳው የምንጭ ውሃ ገብቶበት ሣሩ ያንሸራትታል። የእንጨት ሩር እንዲህ ያለ ሣር ላይ ይበራል፤ ያ ለጌታሁን ሠርጉ ነው፣ ከሩቅ ነው የሚመታው። በጠፍር የተጠቀለለው ግን ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የሱ ቀጭን ዱላ ሁለት ምት አይችልም። ስለዚህ የጠፍሩን መረጥኩና ከአሁኑ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

አጎቴ አያ ደርሶ ስነክር አይተው ሳቁብኝ።

«አንተ ጉረኛ፣ ሩር ወገን አለው እንዴ? ያንተንስ እጅ መች ይምራል?»

«እኔ እችለዋለሁ፣ አያ!»

«አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

እሳቸው ሲወጡ ሩሩን አውጥቼ አንዴ በዱላዬ መታሁት። ይሄን ስጽፍ እንኳ ጣቴ ይነዝረኛል። ይንዘረኝ! መልሼ ነክሬዋለሁ። ብቻ የሱ ዱላ ይሰበርልኝ እንጂ፣ የኔ እጅ እስከ ጥምቀት ይድናል።