የሦስተኛው ዓመት ማሳ

ጥር 5፣ ሰኞ፣ ጧት
ሁለት መኪና ከሰል ጫንን። ጆንያ አልቋል፤ ከቆሰበር ከተማ ይመጣል። የአዲስ አበባው ደንበኛ ደወለ። እስከ ጾም መግቢያ በየሳምንቱ አራት መኪና ይፈልጋል። የለኝም። ደከረንሳችን፣ የከሰሉ ዛፍ፣ አራት ማሳ ነው፤ በየዓመቱ አራት ዓመት የሞላው አንዱ ይቆረጣል፣ በቦታው ይተከላል። ዓለምነው ግን እሺ ብሎታል። የሟች ባሌ ወንድም፣ ሸሪኬ። ከእንግዲህ ዓ. እለዋለሁ፤ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ እጄ እንቢ ይላል።

ሦስት ዓመት የሆነውን እንቁረጥ አለ። እንጨቱ ቀጭን ነው፣ ከሰሉ ዱቄት ይሆናል፣ ለከርሞም ባዷችንን እንቀራለን አልሁት። ሳቀ።
«እታለም፣ አንቺ ለልጅ ልጅ ትከይ። እኔ ዛሬ ልጫን።»

ጥር 7፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት
ስማ ደብተሬ። 
ዓ. ሳይነግረኝ ቆራጮች ይዞ ሦስት ዓመት የሆነው ማሳ ገባ። ሰምቼ ስደርስ ጠባቂያችን አያ ጫኔ ከፊቱ ቆሟል። ዓ. በመጥረቢያ እጀታ ቀኝ ክንዱን መታው። ሲሰበር ሰማሁት። አያ ጫኔ በግራው ዱላ አነሣ፤ የአንዱ ቆራጭ ግንባር ተፈነከተ። ደም በቅጠሉ፣ ደም በነጠላዬ። ልገላግል ስገባ ዓ. ገፍትሮ ጉቶ ላይ ጣለኝ።
«ሴት ያዘዘው ዘበኛ እንዲህ ነው የሚወድቀው» አለ።
 መጥረቢያ ከያዘ ሰው ጋር ሙግት የለም። አያ ጫኔን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስሁ። ስመለስ ማሳው እንዳለ ተጋድሟል።

ጥር 8፣ ሐሙስ
የአያ ጫኔ ልጆች መጡ። ሁለቱም ገጀራ ይዘዋል። ክንድ በክንድ ይላሉ። ጥምቀት እስኪያልፍ ታገሡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ታላቁ፣ «ለእርስዎ ስንል ነው፣ ለእሱ አይደለም» አለኝ።
ዓ. ደግሞ ሰው ልኳል። ነገ የሁለተኛውን ዓመት ማሳ ይጀምራል፤ የሚቆምበትን በጥይት ይለዋል። ያደርገዋል። የባሌ ወንድም ነው፣ አውቀዋለሁ።

ማታ
ወሰንሁ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይዤ ደጁ እሄዳለሁ። ሽርክናው ይፍረስ። የቆረጠውን ማሳ ከነመሬቱ፣ ከተዘጋጀው ከሰል ጋር ይውሰድ፤ የአያ ጫኔን ካሳ እሱ ይክፈል፤ የቀረው የኔ ይሁን። ይስማማል። ለእሱ የሚታየው የወደቀው ግንድ ብቻ ነው። ደከረንስ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ ዓ. ደግሞ በዕድሜው አንድ ችግኝ ተክሎ አያውቅም፤ ለከርሞ የሚቆርጠው የለውም።

ለደንበኛው ደወልሁ። ከኔ ሁለት መኪና፣ ሌላውን ከዓ. አልሁት። የሽቦ አጥር አዝዣለሁ።