ዓመት ሙሉ ያጠፋሁት ዘፈን

መስፌ፣ የልጄ አባት፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ መልስ የለህም። ከተለየኸን ዓመት ከጥቂት ቀን ሆነ። ጥቁሬን ባለፈው እሑድ አወለቅሁ። አክስትህ እትዬ አስካለ በገዛ እጃቸው ነጠላዬን ቀይረው፣ በቃ ልጄ፣ ከእንግዲህ ተጽናኚ ብለው መረቁኝ። ሐዘን ከልብሱ ጋር የሚወልቅ መስሏቸው ነው። አልፈርድባቸውም።

እዚያው በሰው አገር፣ ዋይንድሃም ቬል ሰፈራችን ነን። ፊት ለፊታችን የነበረው ሜዳ ላይ ቤት ተሠርቶ ሰው ገብቶበታል፤ ከሥራ ስትመጣ መኪናህን ከሩቅ የማይበት መንገድ አሁን አይታየኝም። የሥራ ጫማህ ጋራዡ በር አጠገብ እንዳለ ነው። የሥራ ሺፍቴን አስቀይሬ ልጃችንን ኤልዳናን ቻይልድኬር፣ ሕፃናት ማቆያዋ፣ የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በአንተው መኪና።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ ዘፈን ነው። ፉትስክሬይ ካለው ኦፕ ሾፕ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው፣ አንስተህ የመጣኸው፣ አንድ ዘፈን ብቻ ያለበት ሲዲ። ሰው አልበም ይገዛል፣ አንተ አንዲት ዘፈን ታቅፈህ መጣህ ብዬ ስቄብህ ነበር። ልጅ ሆነህ ሰፈራችሁ ፀጉር ቤት በር ላይ ቆመህ እንደሰማኸውና ስሙን ሳታውቅ ስትፈልገው እንደኖርክ ያኔ ነገርከኝ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ፈረንጆች አሉ፤ አንዱ ፀጉሩን አቁሞ አፉን የከፈተ፣ ሌላው ኪቦርዱ ኋላ ቆሞ የተኮሳተረ። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ኒው ዌቭ ይባላል ብለህ አስረዳኸኝ። ለእኔ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሰዓት ደወል ነበር የመሰለኝ።

መኪናው ሲነሳ ዘፈኑም ይነሳል። አንተ ዘፋኙ፣ ኤልዳና ኪቦርድ ተጫዋቿ። የወንበሯን መደገፊያ በጣቶቿ እየመታች ቲን ቲን ቲን ስትል፣ አንተ ግማሹን ቃል ከራስህ እየፈጠርክ ትዘፍናለህ። እኔስ ብልህ፣ ይሄ ባንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ክፍት የሥራ ቦታ የለንም አልከኝ። ተመልካች ሁኚ፣ ግን አጨብጭቢ አልከኝ። አላጨበጨብኩልህም። እንዳትኮራብኝ ብዬ ሳቄን ይዤ በመስኮት አያለሁ።

ትሩጋኒና ባለው መጋዘን ሥራ ላይ ሳለህ ልብህ ቀጥ ሲል ልጅህ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከቀብር እንደተመለስን እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈኑት። ሐዘን ቤት ነው፣ ዓመቱ እስኪወጣ ዘፈን የሚባል እንዳይሰማ፣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈልጌው ነበር። አንተ የሌለህበትን ዘፈን የምሰማበት አንጀት አልነበረኝም።

መጀመሪያ መኪናህን ያስነሳሁ ቀን ዘፈኑ አንተ ካቆምክበት ቀጠለ። ቶሎ ብዬ አጠፋሁት። ኤልዳና ከኋላ፣ ዳዲ ሶንግ አለች። ሐዘን ላይ ነን፣ አሁን አይሆንም አልኳት። በማግሥቱም ጠየቀችኝ፣ በሳምንቱም። የሦስት ዓመት ልጅ ሐዘን ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች? ከዚያ መጠየቋን ተወች። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሁሉ፣ ልጄ እንዴት ያለች አስተዋይ መሰላችሁ፣ ነገሩ ገብቷታል እያልኩ አወራሁ።

አልገባትም ነበር፣ መስፌ። እየረሳች ነበር።

ጥቁሬን ባወለቅሁ ማግሥት ቀበቶዋን አስሬ ዘፈኑን ከፈትኩላት። ዓመት ሙሉ ያስቀመጥኩላት ስጦታ ነበር የመሰለኝ። ኪቦርዱ ሲጀምር በመስታወት አየኋት። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ ውጭ ውጭውን ታያለች። አልሰማችው ይሆናል ብዬ ድምፁን ጨመርኩ። ያንተን ቦታ እኔ ዘፈንኩት፣ በዚህ በተሰበረ ድምፄ። ጆሮዋን ይዛ፣ ማሚ፣ ቱ ላውድ አለችኝ። ይሄ የማን ዘፈን ነው የኔ ቆንጆ ብላት ትንሽ አሰበች፤ የምሯን ነው ያሰበችው። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ሾፒንግ ሴንተር የሚከፈተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መኪናውን ዳር አቆምኩ። ዳዲ እንዴት ነበር የሚዘፍነው አልኳት። ግድግዳው ላይ ያለው ዳዲ አይዘፍንም አለችኝ። እውነቷን ነው። ሱፍ ለብሰህ፣ አፍህን ገጥመህ የተነሳኸውን ፎቶ ነው ለሐዘን ይሆናል ብዬ የሰቀልኩት። ሌላ አባት አታውቅም። ስልኬን አገላብጬ ፈለግሁ፤ ስትዘፍን የቀረጽኩህ የለም። በየቀኑ ያለን ነገር ማን ይቀርጻል?

አንተን እግዜር ወሰደህ፣ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ልጅህ ውስጥ የቀረኸውን ግን እግዜር አልወሰደውም። ሰው ምን ይላል እያልኩ፣ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ በቀስ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። የመኪናውን መስኮት ዘግቼ ዘፈኑን ብከፍተው ማን ይሰማኝ ነበር? ለዚህስ መጽናኛ አልፈልግም።

አሁን በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ። ቀይ መብራት ሲይዘን መሪውን በጣቴ እየመታሁ የእሷን ኪቦርድ እኔ እጫወታለሁ። ያንተ ቦታ ለፈረንጁ ቀርቷል። ዛሬ እግሯን ስታወዛውዝ አየኋት፤ እየለመደችው ነው። አንድ ቀን ትወደው ይሆናል። አድጋ ለጓደኞቿ ታሰማቸው ይሆናል፣ የእናቴ ዘፈን ነው ብላ።

ያንተ እንደሆነ እነግራታለሁ። ታምነኛለች እንጂ አታስታውሰውም። ማስታወሱ ለእኔ ለብቻዬ ቀርቷል፤ እኔ እስካለሁ ድረስ የማን ዘፈን እንደሆነ አልረሳም።

ያላጨበጨበችልህ ተመልካችህ፣
ሂሩት