ነጠላ ስላቃናሁ የተጠየቅሁት ይቅርታ

ለክቡር ዲዛይነር አቶ ረታ
ባሉበት፣ አዲስ አበባ

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ጭብጨባዎም የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ በመቀሌ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደረው፣ የመጸው ስብስብዎን ጠርዝ ሁሉ የቀመቀምሁት ሀፊሳ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ባቀረቡት የልብስ ትርኢት ላይ መድረክ ወጥቼ ስለፈጸምሁት «ድፍረት» እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ካልጠየቅሁ ሞዴሏ ሰላማዊ ከአዲስ አበባው ትርኢት እንደምትሰረዝ በጸሐፊዎ በኩል ነግረውኛል። እኔ አጥፍቼ እሷ የምትቀጣበትን ዘዴ ስላገኙ አድናቆቴ ይድረስዎ። ወደ ይቅርታው ከመግባቴ በፊት ግን ልብሶቹን በጣቴ ስለማውቃቸው ትንሽ አስተያየት እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ካፖርቱ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት ወር ጀርባው እስከ ወገብ የተከፈተ ካፖርት መሥራት ለማንም የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። እኔማ ጨርቅ ያነሰዎት መስሎኝ ከቤቴ ልጨምርልዎት ምንም አልቀረኝም ነበር።

2. መሬት የሚጠርገው እጅጌ። ለባሿ ባጃጅ ውስጥ ብትገባ እጅጌዋ ውጭ ይቀራል። የሰፈራችን መንገድ ጠራጊዎች ግን እጅግ አድርገው ያመሰግኑዎታል።

3. ነጠላው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ለትርኢቱ መዝጊያ ሰላማዊን ነጠላ አለበሷት፤ ቀለሙ ፊቷን ያደምቀዋል ብለውም ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው አንገቷ ላይ አዋሉት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እንዲህ የሚለብስ ሰው የሞተበት ነው ብላ በአክብሮት ነገረችዎት። እርስዎም ፋሽን ሐዘን አያውቅም ብለው አስተማሯት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነበር እኮ ክቡርነትዎ! እኔ እስላም ነኝ፣ ነጠላም አላዘወትርም፤ ግን የወሎ ልጅ ነኝና የክርስቲያን ጎረቤቶቼን ለቅሶ ስደርስ ነው ያደግሁት። ይህን ለማወቅ አንድ ለቅሶ መድረስ ይበቃል።

የሰላማዊ ወንድም ፍትዊ ከጦርነቱ አልተመለሰም። መርዶው ከመጣ በኋላ ሰላማዊ ዓመት ሙሉ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ኖራ፣ ባለፈው ነሐሴ እናቷ አደይ ሰርካዲስ በገዛ እጃቸው አቃኑላት። ቅዳሜ ዕለትም ልጄ ከሐዘን ወጣች ብለው፣ ደስ ብሏቸው፣ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሰላማዊ ብቅ ስትል እናቶቹ «መን ሞይቱ?»፣ ማን ሞተ፣ ተባባሉ፤ አደይ ሰርካዲስም ደረታቸውን መቱ። እርስዎ ሕዝቡ በሥራዎ ልቡ የተነካ መስሎዎት እጅ ነሱ። አቤት ትሕትና!

ያን ጊዜ እኔ ወጣሁ። ጥለቱን ወደ ታች መልሼ ነጠላውን አቃናሁና ወረድሁ። ድፍረቴ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይቅርታዬን ይስሙልኝ። ሰላማዊ ስትነግርዎት እዚያው ቆሜ እየሰማሁ፣ የእንጀራዬ ነገር ሆኖብኝ ዝም ብያለሁ። መድረኩን እስከ መሐል ድረስ በዚያ ለቅሶ እንድትሄድ የተውኋት እኔ ነኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ እሷንም እናቷንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እርስዎን ግን አልጠይቅም። ዓርብ አልጠይቅም፣ ለሚመጣው መጸውም አልጠይቅም። ነገም እንዲያ ለብሳ ባገኛት ነጠላውን ደግሜ አቃናዋለሁ።

ካፖርትዎ ጀርባ እስኪያበቅል ድረስ በአክብሮት የምጠብቅ፣ መርፌዬን እንጂ አንገቴን የማላከራይ፣
ሀፊሳ ሳሊህ
መቀሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጣቱ የሚያርፈው በሰላማዊ ላይ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብቤላታለሁ። ስሟን ለመሰረዝ እንዳይደክሙ እሷው ራሷ ሰርዛዋለች። «አንድ ወንድም ነበረኝ፣ አልቅሼ ጨርሼለታለሁ፤ ለእርሳቸው ጭብጨባ ደግሜ አላለቅስም» ብላለች።